ደም የነካው ቦት ጫማ፦ በረኪናው ከመምጣቱ በፊት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አምቡላንስ ላይ እሠራለሁ። የምጫማው የቆዳ ቦት ነው፤ ከራሴ ኪስ የገዛሁት። ደም፣ ትውከት፣ ጭቃ፣ ምን የማይነካው አለ! ባልደረቦቼ በረኪና እያፈሰሱበት ነው የሚያጸዱት። እኔም እንደነሱ አድርጌ በአምስት ወሬ ቆዳው ተሰነጣጠቀ፣ ስፌቱ ለቀቀ። ሽታው ግን አልለቀቀም። ቤቴ የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ። በትክክል እንዴት ነው የሚታጠበው? በረኪናው ጭራሽ ይቅር ወይስ እኔ ነኝ ያበዛሁት?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ነው። አብዝተኸዋል። ቢያንስም ደግሞ በረኪና የቆዳ ጫማ ወዳጅ አይደለም። እኔን የገረመኝ ግን ጥያቄህ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ሳሙና አላነሳህም። ብሩሽም አላነሳህም።

ጫማህን ሊስትሮ ጋ አስጠርገህ ታውቃለህ አይደል? ልጁ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? አቧራውን ያራግፋል፣ በሳሙና ውሃ በብሩሽ ያሻል፣ በጨርቅ ያደርቃል። ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ጭቃ ላይ ቀለም የሚቀባ ሊስትሮ አይተህ አታውቅም። እኛ የጤና ሰዎች ግን ደም ላይ በረኪና እናፈሳለን።

ነገሩ ኬሚስትሪ ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ገዳይ ክሎሪን ነው። ክሎሪን አይመርጥም፤ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ደም፣ ትውከት፣ አፈር፣ ቅባት ካገኘ እሱን ሲበላ ጉልበቱ ያልቃል፤ ከሥር የተደበቀው ጀርም ጋ አይደርስም። ሽታው አፍንጫህን ሲያቃጥልህ «አሁን ሞተ» ትላለህ። ሽታው ግን ምንም አይነግርህም።

እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በአሳማ እርባታ ቦት ላይ ሞክረውታል። አሳማ ነው ብለህ አትናቀው፤ ፋንድያው ቦትን ለመፈተን ከምንም ይበልጣል። ፋንድያ የያዘውን ቦት ፀረ ጀርም ውሃ ውስጥ ረግጦ መውጣት ብቻውን ቦቱን ንጹሕ አላደረገውም። ለውጥ የመጣው ፋንድያው በብሩሽ ተፍቆ ሲወርድ ነው። በየተቋሙ በር ላይ የሚቀመጠው የእግር መንከሪያ ሳፋ ትዝ አለህ? ጠዋት ክሎሪን ነበር። ከሰዓት በኋላ የጭቃ ሾርባ ነው። እሱን ረግጠህ ብትገባ የምታተርፈው እርጥብ ሶል ነው።

አሁን ቆዳህን ምን እንደገደለው ልንገርህ። ቆዳ ፕሮቲን ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ትንሽ አሲድነት አለው። በረኪና ደግሞ ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው። አልካሊው ቆዳውን ያሳብጠዋል፣ ቅባቱን ያወጣበታል። ክሎሪኑ ደግሞ ፕሮቲኑን ራሱን ይበላዋል። ከዚያ ሲደርቅ እግርህ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። የናይለን ስፌትም በክሎሪን ይሳሳል። ዚፕ ካለው ይዝጋል። የልብስ ዱቄት ሳሙናም፣ ኦሞውም፣ አልካሊ ነው፤ እንደ በረኪና ባይሆንም ቀስ እያለ ያደርቀዋል። ከሁሉ የሚከፋው ስንጥቁ ራሱ ነው። ደም ውስጡ ይገባል፣ ብሩሽ አይደርስበትም። ለማጽዳት ብለህ የማይጸዳ ጫማ ሠራህ ማለት ነው። አትዘን፣ እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጥንድ እንዲሁ አበላሽቻለሁ። ያውም የተበደርኩትን።

ሲታጠብ እንዲህ ነው።

ወፍራሙን የጎማ ጓንት አድርግ። ቀጭኑ የምርመራ ጓንት ለብሩሽ ሥራ አይሆንም፣ ይቀደዳል። ሽርጥ ካለህ ልበስ። ዓይንህንም ሸፍን፤ ብሩሽ ይረጫል፣ የሚረጨው ደግሞ ፊትህ ላይ ነው።

ከውሃው በፊት ሶሉን ገልብጠህ በደንብ እይ። ይህን ማንም አያደርገውም፣ እኔ ግን ሁሌ የምጮህበት ነገር ነው። አምቡላንስ ወለል ላይ የወደቀ መርፌ ሶል ውስጥ ተሰክቶ ሊቀር ይችላል። የመኪና አደጋ ቦታ ከነበርክ ደግሞ የመስታወት ስባሪ አለ። ሳታይ ብሩሽ ብታሳርፍበት እጅህን ነው የሚያገኘው። ካገኘህ በጣትህ አትንቀል። በፒንሳ ይዘህ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ፣ የመርፌ መጣያው ሳጥን፣ ውስጥ ጨምረው። ከወጋህ ቦታውን በሳሙናና በውሃ እጠብ፣ አትጭመቀው። ወዲያው ለኃላፊህ ተናገርና ጤና ተቋም ሂድ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትህን ሦስቱንም ካልጨረስክ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁመህ ቀጠሮ ያዝ። የቴታነስንም አትርሳ። ሚስማር ሶል በስቶ ሲገባ ጭቃውንም ይዞ ነው የሚገባው።

ማሰሪያውን ፍታና አውጣው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ሶሉን ይፈራል፣ ማሰሪያውን ይረሳል። ሶልህን በእጅህ አትነካውም። ማሰሪያውን ግን በቀን ስንት ጊዜ ታስራለህ? ጓንትህን አውልቀህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ ጎንበስ ብለህ ማሰሪያህን ታስርና ሳንድዊችህን ታነሳለህ። ቦት ሰው የሚያሳምመው አብዛኛውን ጊዜ በእጅ በኩል ነው። ማሰሪያ ርካሽ ነው፤ ደም ከነካው ጣለውና ሌላ አድርግ። ቦርሳህ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ይኑርህ። ጭቃ ብቻ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ይመለሳል።

ደም ካለ በቀዝቃዛ ውሃ ጀምር። ሙቅ ውሃ ደሙን ያበስለዋል፣ ያጣብቀዋል። የደም ልብስ ያጠበች እናት ሁሉ ይህን ታውቃለች። ከዚያ ግማሽ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጨምር። ላርጎ ይበቃል። ከላይ ወደ ታች እሽ። ሶሉን መጨረሻ ላይ አድርገው፣ በሌላ ብሩሽ። በሶል ብሩሽ ፊቱን ካሸህ ቆሻሻውን ወደ ላይ አወጣኸው። ለስፌቱና ለምላሱ ሥር አሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሚያህል የለም። የደረቀ ጭቃ ካለ መጀመሪያ አርጥበው፤ ደረቁን ብትፈገፍገው አቧራውን ትተነፍሰዋለህ።

የቆዳ ቦት ባልዲ ውስጥ አይዘፈዘፍም። በእርጥብ ጨርቅ እየደጋገምክ ሳሙናውን አንሳለት። የአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ይህ ሥራ ሁለትና ሦስት ሊትር ይበቃዋል። ጣቢያችሁ አንድ ጀሪካን ለዚህ ብቻ ሞልቶ ያስቀምጥ።

ፀረ ጀርሙ አሁን ነው የሚመጣው። ለቆዳ እኔ የምመርጠው 70 በመቶ አልኮል ነው። ንጹሕ ጨርቅ አርጥበህ ፊቱን በሙሉ አዳርሰውና ራሱ እስኪደርቅ ተወው። «96ቱ አይሻልም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። አይሻልም። አልኮል ጀርሙን ለመግደል ውሃ ያስፈልገዋል። 96ቱ ቶሎ ተኖ ይጠፋል፣ ሥራውን ሳይጨርስ። እሳት አጠገብ ግን እንዳታደርገው። አልኮልም የማይነካቸው አሉ፤ አንዳንድ የተቅማጥ ቫይረሶችና ስፖር የሚሠሩ፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ለብሰው የሚደበቁ፣ ባክቴሪያዎች ይቋቋሙታል። እነሱን የሚያወርድልህ የቅድሙ ሳሙናና ብሩሽ ነው። ሌላ የተዘጋጀ ፀረ ጀርም ካላችሁ፣ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድም ሆነ ሌላ፣ መለያው ላይ ለቆዳ ይሆናል ወይ፣ ስንት ደቂቃስ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት የሚለውን አንብብ። አምስት ደቂቃ ካለ አምስት ደቂቃ ነው። ቀባ አድርጎ ወዲያው መጥረግ ገንዘብ መጣል ነው።

አልኮልም ቆዳ ያደርቃል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ የጫማ ቅባት ቀባው፤ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ቅባት የጠጣ ቆዳ ደምም ቶሎ አይጠጣም።

በረኪና ቦታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ቦታው የጎማ ቦት ነው። ጎማ አይጠጣም፣ ስፌት የለውም፣ ብሩሽ ሁሉም ቦታ ይደርስበታል። በሳሙና ታጥቦ ከተለቀለቀ በኋላ 0.5 በመቶ ክሎሪን ያስፈልገዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። የበረኪናው ጀሪካን ላይ የተጻፈውን ፐርሰንት ለ0.5 አካፍልና አንድ ቀንስ፤ የሚመጣው የውሃው መጠን ነው። 5 በመቶ ከሆነ 10 ይመጣል፣ አንድ ስትቀንስ 9። አንድ ብርጭቆ በረኪና ለዘጠኝ ብርጭቆ ውሃ። 4 በመቶ ከሆነ ለሰባት ብርጭቆ። ፐርሰንት ያልተጻፈበት በረኪና ለዚህ ሥራ አትግዛ። ውሃውን አስቀድም፣ በረኪናው ከላይ ይጨመር፣ እንዳይረጭህ። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ቦቱ ለአሥር ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። የተበጠበጠው ለዚያ ቀን ብቻ ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ክሎሪኑን ያጠፉታል። የትናንቱን ዛሬ መጠቀም ውሃ መቀባት ነው።

እባክህ ደግሞ ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጠው። ውሃ የሚመስል ነገር በውሃ ጠርሙስ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ባለችበት ቤት! የግድ ከሆነ ትልቅ ጽሑፍ ጻፍበትና ከፍ ያለ ቦታ ቆልፍበት።

ከምንም ነገር ጋርም አትቀላቅለው። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከተገናኘ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ኮምጣጤም ያው አሲድ ነው። አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሌላ መርዝ ይሠራል። «ሁለቱ ሲደመሩ ይበረታሉ» የሚል ሰው ሁሌ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይበረታሉ፤ ሳንባህ ላይ።

የቆዳ ቦት ጭራሽ ቦታ የሌለው ጊዜ አለ። ኮሌራ ባለበት፣ ጎርፍና ፍሳሽ ውስጥ ስትገባ፣ እንደ ማርበርግ ባለ፣ በሕመምተኛ ደምና ፈሳሽ በሚተላለፍ ገዳይ በሽታ ወረርሽኝ ጊዜ። በኅዳር 2018 ማርበርግ ጂንካ ላይ ሲረጋገጥ የብዙ ባልደረቦቻችን የመጀመሪያ ጥያቄ ማስክ ነበር። የእኔ እግራቸው ላይ ያለው ምንድን ነው የሚል ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያስፈልገው የጎማ ቦት ነው፤ አወላለቁም አጠገብህ በሚቆም ሰው እየታየ፣ ደረጃ በደረጃ። በዚህ ጊዜ የሕመምተኛ ደም ወይም ትውከት የጠጣ የቆዳ ጫማ አይታጠብም፣ ይቃጠላል። በመርጫ ሰውን ከላይ እስከ ታች ክሎሪን መርጨትም ይቅር። ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ ቆሻሻውንም ያበናል። ቦቱ በጨርቅ ወይም በብሩሽ ነው የሚዳረሰው።

የእሳት አደጋ ልጆችም ይህን እንደሚያነቡ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ለእነሱም ትንሽ። የእናንተ ጠላት ከጀርም ይልቅ ጥላሸቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ፕላስቲክ፣ ፎም፣ ጎማ ሲቃጠል የሚወጣው ነገር ልብስና ቦት ላይ ይጣበቃል። በረኪና ጥላሸት ላይ ምንም አይሠራም፤ ጭራሽ የቦቱን የውስጥ ውሃ መከላከያ ሽፋንና ስፌት ያዳክመዋል። ለእሳት አደጋ ልብስና ቦት የወጣው የአሜሪካ መስፈርትም ክሎሪን ያለበት ማጽጃ ይከለክላል፣ ውሃውም ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዳያልፍ ይላል። የሚሠራው ውሃ፣ የዕቃ ሳሙናና ብሩሽ ነው፤ ያውም እዚያው እሳቱ ቦታ ላይ፣ መኪናው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዲህ በቦታው የታጠቡ ጃኬቶች ላይ ከነበረው ካንሰር አምጪ ጥላሸት በአማካይ 85 በመቶው ወርዷል። ቦቱን ጥላሸቱ እንዳለበት ጋቢና ውስጥ ከከተታችሁት ግን እስከ ጣቢያ ድረስ እየተነፈሳችሁት ነው የምትሄዱት። ጥላሸት የለበሰ ቦት የጀግንነት ምልክት የሚመስለው ሰው አሁንም አለ። ተዉት።

ወደ አንተ ልመለስ። ሽታው ለምን እንዳልለቀቀ አሁን ገብቶህ ይሆናል። አንተ ውጭውን ነው ያጠብከው፣ ሽታው ያለው ውስጥ ነው። የእግር ላብና ባክቴሪያ ነው። የውስጡን ሶል በየፈረቃው መጨረሻ አውጣው፣ ለብቻው ይድረቅ። በየጥቂት ወሩ ቀይረው። ቦቱ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለውጠው። ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ አስቀምጠው። ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ ካደረከው ማስቲሹ ይለቅና ቆዳው እንደ ቋንጣ ይሆናል። አንድ ቦት በአንድ ሌሊት በደንብ አይደርቅም። አቅምህ ከፈቀደ ሁለት ጥንድ ይኑርህና አፈራርቃቸው፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል። በእግር ጣቶችህ መሃል የሚያሳክክና የሚላጥ ነገር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ፈንገስ ነው። እሱን ሳታክም ቦት ብታጥብ ነገ ራስህ መልሰህ ትበክለዋለህ።

ስለ ልጅህ። ቦቱ ቤት ባይመጣ ነው የምመርጠው። ጣቢያ ላይ መቀየሪያ ጫማ አድርግና ሂድ፣ ነጠላ ጫማም ቢሆን። ማስቀመጫ የለም ከተባልክ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አድርገህ አምጣውና ከበር ውጭ ይቆይ። በቤተሰቡ የልብስ ሳፋ ውስጥ እንዳታጥበው። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም ቢሆን። ከዚያ እጅህን በሳሙና ታጥበህ ልጅህን እቀፋት። ብዙ አትስጋ፤ የታጠበና የደረቀ ቦት በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ማንንም አያሳምምም።

ደም የነካውን ቦት ሳይታጠብ ሊስትሮ ጋ ይዘህ እንዳትሄድም አደራ። ልጁ ባዶ እጁን ነው። ያው ብሩሽ ቀጥሎ የሌላ ሰው ጫማ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ አንተ እጠበው፣ አልኮሉን ቀባው፣ ከዚያ ቀለሙን እሱ ይቀባልህ፤ ከኛ ይልቅ ያሳምረዋል።

«ከራሴ ኪስ» ያልከውንም አይቼዋለሁ። በግል ድርጅት የምትሠራ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍ። ባልደረቦችህም ይፈርሙበት። ቦቱን ብቻ ሳይሆን ማጠቢያ ቦታውን፣ ሁለቱን ብሩሽና ወፍራሙን ጓንት ጨምራችሁ ጠይቁ። ከቦቱ ይልቅ እነዚህ ናቸው የሚረሱት።

የተሰነጠቀው ጥንድ አበቃለት። ሊስትሮም ጫማ ሰፊም አይመልሰውም። ወደ ውስጥ ድረስ ደም የጠጣ፣ ሶሉ የተነሳ፣ የብረት አፍንጫው የታየ ቦትም እንደዚያው ነው። ግን ስትጥለው እንዳለ አትጣለው። ቆራሌው ያነሳዋል፣ ነገ የሆነ ሰው ተጫምቶት ታየዋለህ። ደም የነካው ከሆነ ለጤና ተቋሙ ማቃጠያ ስጠው። ካልሆነም በቢላ አንገቱን ቀድደህ፣ ሶሉን ለሁለት ከፍለህ ጣለው።